ተሳቢ ቤት ከመግዛትዎ በፊት የጂ159 ጎማን ታሪክ ይወቁ

ተሳቢ ቤት ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን ነው። ቀጥሎ ኩሽናውን ይከፍታል። መታጠቢያው ይበቃ እንደሆነ ገባ ብሎ ያያል። ሻጩም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን የሚመለከት ጥቂት ነው። የተመለከተም ቢሆን ጥርሱን ዳሰስ አድርጎ «አዲስ ነው» ብሎ ይነሳል።

ተሳቢ ቤት የምለው በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ትራቭል ትሬለር» የሚሉትን ነው። በፒክአፕ ወይም በሌላ ጉልበት ባለው መኪና እየተጎተተ፣ ቤተሰቡን አልጋና ምድጃ ይዞ የሚከተል ቤት። ይህን ልገዛ ነው የሚል ወዳጅ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማወራለት ስለ አንድ ጎማ ነው። ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም። መታወቅ ግን አለበት።

ጎማው ጉድይር ጂ159 ይባላል። ልኩ 275/70አር22.5 ነው። ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ ይህን ጎማ ከ1996 እስከ 2003 አምርቶታል (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በርካታ ሞተር ሆሞች (በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ ቤቶች) ከዚሁ ጎማ ጋር ተሸጡ። ከዚያ አደጋው መጣ፣ ክሱ ተከተለ፣ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2022 ከ173,000 በላይ ጎማዎች እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ1998 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በዚህ ጎማ መበላሸት 8 ሰዎች እንደሞቱና 69 እንደቆሰሉ አስታውቋል።

ሞተር ሆም የራሱ ሞተር አለው፤ ተሳቢ ቤት ይጎተታል። በዚህ ይለያያሉ። ጎማቸው ላይ የሚደርሰው ፈተና ግን አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ቤት ተሸክመዋል። ሁለቱም ወራት ቆመው ይከርሙና በሐምሌ ሙቀት በአንድ ቀን ረጅም መንገድ ይነዳሉ። ሁለቱንም የሚነዳቸው ሙያተኛ ሾፌር ሳይሆን ለሽርሽር የወጣ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የጂ159 ጉዳይ ለተሳቢ ቤት ገዢ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ቁጥሩ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

275/70አር22.5 የሚለውን እናንብበው። 275 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 የጎኑ ቁመት ነው፤ የስፋቱ 70 በመቶ፣ ማለትም 192.5 ሚሊ ሜትር። «አር» ራዲያል ማለት ነው። 22.5 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ከአንዱ ጠርዝ በመሃል አልፎ እስከ ሌላው ጠርዝ፣ በኢንች። ሁሉንም ስንደምር ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ ወደ 956 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ጎማው ቸርኬው ላይ መግባቱን፣ ከፓራፋንጎው ስር መያዙን ይነግሩናል። ስንት ፓውንድ እንደሚችል አይነግሩንም። በስንት አየር እንደሚችል፣ በምን ፍጥነት እንደሚችል፣ ለምን ዓይነት ሥራ ታስቦ እንደተሠራም አይነግሩንም። እነዚያ በጎማው ጎን ላይ በትናንሽ ፊደል ተጽፈዋል። አንዳንዱ ደግሞ በአምራቹ ሰነድ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

የጂ159 ክርክር ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው። የከሳሾቹ ወገን የሚለው ይህ ነበር፦ ጎማው በከተማ ውስጥ ዕቃ እያደረሱ ለሚዞሩ የጭነት መኪናዎች የሚሆን ነው፤ ሞተር ሆም ተሸክሞ በሀይዌይ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሲሮጥ የሚፈጥረውን ሙቀት አይችልም።

ይህ ለምን ሊሆን እንደሚችል ማየት ይጠቅማል። ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር መሬት የነካው ክፍል ይታጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ጭነቱ ሲበዛ መታጠፉ ይበዛል። አየሩ ሲያንስም እንዲሁ። ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ጎማው ለመቀዝቀዝ ፋታ ሳያገኝ ቶሎ ቶሎ ይታጠፋል። ሙቀቱ የሚጠራቀመው ውስጥ ነው፤ ጥርሱን የያዘው ጎማና ከስሩ ያሉት የብረት ክር ንጣፎች በተጣበቁበት ቦታ። ያ ቦታ ደጋግሞ ሲግል ማጣበቂያው ይደክማል። አንድ ቀን ጥርሱ ከነንጣፉ ተገሽልጦ ይወጣል። በፊት እግር ላይ ከሆነ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል።

አሁን የከተማ ዕቃ አድራሹን መኪና ያስቡት። ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ካርቶን ያወርዳል። በቆመ ቁጥር ጎማው ይቀዘቅዛል። ባራገፈ ቁጥር ይቀለዋል። ሞተር ሆም ግን ቤቱን የትም አያራግፍም። ጠዋት የተሸከመውን ማታም ተሸክሞታል። ፍጥነቱም ተጨምሯል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በመላ አገሪቱ ያስቀመጠው የፍጥነት ገደብ በ1995 መጨረሻ ተነስቶ ግዛቶች የየራሳቸውን ከፍ ያደርጉ ጀመር። ጂ159 ገበያ የወጣው በማግስቱ ዓመት ነው። አንዱ ጎማ፣ አንዱ ልክ፣ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች።

ፍርድ ቤት የሄደው ቤተሰብ

በ2003 የአንድ ቤተሰብ ሞተር ሆም ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ቤተሰቡ ጥፋቱ የጎማው ነው ብሎ በ2005 ጉድይርን ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የቤተሰቡ ጠበቆች የጎማውን የሙከራ ውጤቶች በሙሉ ደጋግመው ጠየቁ። መልሱ እየዘገየ፣ እየተቆራረጠ መጣ። በ2010 ጉዳዩ ችሎት ሊቀርብ ሲል ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ዘጉት።

ከወራት በኋላ የቤተሰቡ ጠበቃ ጋዜጣ ላይ አንድ ነገር አነበበ። በሌላ ክስ ላይ ጉድይር ስለዚሁ ጎማ የሙከራ ውጤት አቅርቧል። እሱ ያን ውጤት አይቶት አያውቅም። ውጤቱ ጎማው በሀይዌይ ፍጥነት ከተለመደው በላይ እንደሚግል የሚያሳይ ነበር። ቤተሰቡ ሲከራከርበት የኖረው ነጥብ ይህ ነው። ኩባንያው ሰነዱን እንዳልሰጠ በኋላ አመነ።

የአሪዞና ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ኩባንያው ለቤተሰቡ 2.7 ሚሊዮን ዶላር የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ወሰኑ። ጉድይር ይግባኝ አለ። በሚያዝያ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ኤሌና ኬገን በተጻፈ ውሳኔ ገንዘቡን ሻረው። የሻረው «ሰነድ መደበቅ ምንም አይደለም» ብሎ አይደለም። ዳኛ እንዲህ ዓይነት ካሳ ሲያስከፍል በጥፋቱ ምክንያት የወጣውን ወጪ ብቻ ነው ማስከፈል የሚችለው፤ ጥፋቱ ባይኖርም ይወጣ የነበረው አይቆጠርም የሚል ነው። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ታች ተመለሰ።

ይህን የሕግ ጣጣ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማው መሸጥ ካቆመ ከዓመታት በኋላም በሌላው ሰው ሞተር ሆም ላይ ይሽከረከር ነበር። ክሶች እየተነሱ በስምምነት ይዘጋሉ፤ ሰነዶቹ በፍርድ ቤት ትዕዛዝና በስምምነት ታሽገው ይቀመጣሉ። ጎማውን የገዛው ሌላው ቤተሰብ ግን ምንም አያውቅም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ምርመራ የጀመረው በታኅሣሥ 2017 ነው፤ ያውም ታሽጎ የቆየው መረጃ እንዲወጣ ዳኛ ካዘዘ በኋላ። ጎማው መመረት ካቆመ 14 ዓመት አልፎት ነበር።

በ2022 መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ጎማዎቹ እንዲመለሱ ጉድይርን ጠየቀ። ኩባንያው እምቢ አለ። ጎማው ጉድለት የለበትም፣ ለዓመታት አልተመረተም፣ መንገድ ላይ የቀረውም ጥቂት ነው አለ። በዚያው ዓመት በሰኔ ግን ጥሪውን ለማድረግ ተስማማ። ያኔም ጉድለት አለበት ብሎ አላመነም። ችግሩ የሚመጣው ሞተር ሆም ላይ ተገጥሞ አየሩ ሲያንስ ወይም ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ነው የሚል ነው አቋሙ።

የኩባንያውን ቃል እንዳለ እንቀበለው እንበል

ጎማው ጉድለት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ለተከራካሪዎቹ ልተወው። ለገዢ የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው። ኩባንያው እንደሚለው ችግሩ አየር ማነስና ጭነት መብዛት ብቻ ቢሆንስ?

እንግዲያው ይህ ጎማ በዚያ ሥራ ላይ ለስህተት ቦታ አልነበረውም ማለት ነው። ለሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብ ደግሞ መሳሳቱ አይቀርም። ውሃውን ሞልቶ ይወጣል። የእናትን ዕቃ፣ የልጆቹን ብስክሌት፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ምግብ ይጨምራል። እያንዳንዱን እግር ለየብቻ አስመዝኖ የሚያውቅ ቤተሰብ ከስንት አንድ ነው። አየሩም በክረምቱ ወራት ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ በዓይን ሲታይ ግን ጎማው ሙሉ ይመስላል። ይህ ሁሉ ተራ የሰው ጠባይ ነው። ጎማ ሲመረጥ ይህ ጠባይ አብሮ መታሰብ አለበት። ልክ ልኩን የሚችል ጎማ መግጠም ሸክሙን ከአምራቹ አንስቶ ቤተሰቡ ላይ መጫን ነው። ያውም ሳይነግሩት።

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ጉዳይም ይህንኑ ያሳያል። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስ ጠራ። ብዙው የፎርድ ኤክስፕሎረር ጎማ ነው። እዚያም ጥርሱ እየተገሸለጠ ሰው ሞተ። ከክርክሩ አንዱ የአየር ነገር ነበር፤ ፎርድ 26 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል ሲል ነበር፣ ፋየርስቶን በኋላ 30 ይሁን አለ። አራት ፒኤስአይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በጭነት፣ በሙቀትና በፍጥነት ላይ ሲደመር ትርፏን ይበላታል። ከዚያ ጉዳይ በኋላ ነው በዚያው ዓመት አምራቾች የአደጋ መረጃ ቀድመው ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው።

ወደ ተሳቢ ቤቱ ስንመጣ

አሁን ሻጩ ጋ ቆመናል እንበል። ምሳሌውን በቁጥር እንሥራው። ሙሉ ክብደቱ እስከ 7,000 ፓውንድ እንዲደርስ የተፈቀደለት፣ ሁለት አክስልና አራት ጎማ ያለው ቤት ነው። ጎማው ኤስቲ205/75አር14፣ የጭነት ደረጃው «ሲ»። «ኤስቲ» የተሳቢ ጎማ ነው ማለት ነው። ይህ ጎማ በ50 ፒኤስአይ 1,760 ፓውንድ ይችላል። በአራት ሲባዛ 7,040። ሻጩ «ይችላል» ይልዎታል፤ አልዋሸም።

እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ነው። ከቤቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው በኩል በመኪናው ላይ ያርፋል። 12 በመቶ ብንወስድ 840 ፓውንድ ይወርዳል። ለአራቱ ጎማዎች 6,160 ይቀራል። የ880 ፓውንድ ትርፍ አለ። ደህና ይመስላል።

ግን ክብደት አራት ቦታ እኩል አይካፈልም። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና የሚወጣ የሚገባው የሳሎን ክፍል በአንድ ወገን ከሆኑ ያ ወገን ይከብዳል። ከ6,160ው 3,400ው በግራ፣ 2,760ው በቀኝ አረፈ እንበል። በግራ ያሉት ሁለት ጎማዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 1,700 ተሸከሙ። ለእያንዳንዳቸው የቀረው ትርፍ 60 ፓውንድ ነው። ቤቱ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ካዘነበለ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ከልኩ አለፈ። የ40 ጋሎን ውሃ ብቻ ወደ 333 ፓውንድ ይመዝናል፤ ታንኩ በየት በኩል እንዳለ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አየሩ ከ50 ዝቅ ካለም ጎማው 1,760 መቻሉ ቀርቷል። ያ ቁጥር የሚሠራው አየሩ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ልኩ ያው 205/75አር14 ይሁን፣ የጭነት ደረጃው ግን «ዲ»። ይህኛው በ65 ፒኤስአይ 2,040 ፓውንድ ይችላል። አራቱ 8,160 ይችላሉ። በከበደው ወገን ያለው የእያንዳንዱ ጎማ ትርፍ ከ60 ወደ 340 ፓውንድ ወጣ። ከሩቅ ሲያዩት ጎማው ምንም ለውጥ የለውም። የተለወጠችው ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ለዚህ ነው «ጎማው ስንት ነው?» ሲባል ልኩን ብቻ ሰምቶ መሄድ የማይበቃው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ቸርኬውና የአየር ማስገቢያው 65 ፒኤስአይ የሚችሉ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ቸርኬም የራሱ ልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ተቀርጿል።

ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ወደ 15 ኢንች ይመጣል። ኤስቲ225/75አር15 በ«ዲ» ደረጃ፣ በ65 ፒኤስአይ 2,540 ፓውንድ ይችላል። አራቱ 10,160። ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የልክ ነገር በእውነት ይመጣል። የ14ቱ ጎማ ቁመቱ 663 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ15ቱ 718። አናቱ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ቤቱ ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራው ተለጥጦ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ከላይ ያለውን ቆርቆሮና ወለል ይበላል፤ ወይም ወለሉ ጎማውን ይበላዋል። የፊተኛውና የኋለኛው ጎማም ይቀራረባሉ። በሁለቱ አክስሎች መካከል 33 ኢንች ካለ፣ በ14ቱ ጎማዎች መካከል ወደ 175 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነበረ። በ15ቱ ወደ 120 ይወርዳል። ያስኬዳል፤ ግን ሲታጠፍና ባሌስትራው ሲሠራ ምን ያህል እንደሚቀር መለካት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ትልቁን የሚመርጡበት ጊዜ ሲገዙ ነው። አምራቹ ያን ቤት በ15 ቸርኬ አማራጭ የሚሸጥ ከሆነ ቦታው ታስቦበታል ማለት ነው፤ ልዩነቱን ከፍሎ መውሰዱ ይሻላል። ከገዙ በኋላ ከሆነ አራት ጎማና አራት ቸርኬ መግዛት አለ፣ ትርፍ ጎማው አምስተኛ ነው፣ ከፍታውም ይቀየራል። ከፍታው ሲቀየር ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ቁመትም ይስተካከላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ጎማው ስለተለቀ ቤቱ የሚጭነው አይጨምርም። አክስሉ ያው ነው፣ ባሌስትራው ያው ነው፣ የተፈቀደው 7,000 ያው 7,000 ነው። ትርፉ ለደህንነት ነው እንጂ ለተጨማሪ ዕቃ አይደለም። ጎማ አስቀይሮ ጄኔሬተር የሚጨምር ሰው ያገኘውን ትርፍ መልሶ በላው።

ተመሳሳይ ልክ፣ ሌላ ተስፋ

ብዙ ሰው የተሳቢ ጎማውን ጥሎ የፒክአፕ ጎማ ልግጠም ይላል። «የፒክአፕ ይጠነክራል» ሲባል ይሰማል። ቁጥሩን እንይ። ኤስቲ235/85አር16፣ ደረጃ «ኢ»፣ በ80 ፒኤስአይ 3,640 ፓውንድ ይችላል። የፒክአፑ ኤልቲ235/85አር16፣ ያው ደረጃ «ኢ»፣ በዚያው 80 ፒኤስአይ 3,042 ይችላል። ልኩ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ ልዩነቱ ወደ 600 ፓውንድ።

ይህ የሆነው የተሳቢው ጎማ ስለበለጠ አይደለም። የተሳቢ ጎማ ያን ሁሉ እንዲሸከም የተፈቀደለት በዝግታ ይሄዳል ተብሎ ነው። በልማድ የተሳቢ ጎማ ላይ ሌላ ምልክት ከሌለ ገደቡ በሰዓት 65 ማይል ነው። አሁን አሁን ብዙዎቹ የፍጥነት ፊደል ይዘው ይመጣሉ፤ «ኤል» 75 ማይል፣ «ኤም» 81 ማይል ነው። ጎኑ ላይ ያለው የፓውንድ ቁጥር እንግዲህ ብቻውን የሚቆም አይደለም። «በዚህ አየር፣ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ሥራ» የሚል ተስፋ ከጀርባው አለ። የጂ159 ሞተር ሆሞች ላይ የተበላሸውም ይኸው ተስፋ ነው። ጎማው ለአንድ ዓይነት ሥራ የገባውን ቃል ሌላ ሥራ ላይ ጠበቁበት።

የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ የሚገጥምም አለ። የአሜሪካ ደንብ ራሱ ይህን ያውቃል፤ የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገጠም ጎኑ ላይ የተጻፈው የፓውንድ ቁጥር ለ1.10 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው። 1,700 የሚል ጎማ 1,545 ብቻ ይሆናል። እኔ ጭራሽ ባይገጠም እመርጣለሁ።

የአር ቪ (የሞተር ሆምና የተሳቢ ቤት) ኢንዱስትሪው ራሱም ትርፍ እንደሚያስፈልግ ተቀብሏል። የአምራቾቹ ማኅበር ከ2017 ጀምሮ አባላቱ ለተሳቢ ቤት ጎማ 10 በመቶ ትርፍ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። ጥሩ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ያገለገለ ቤት የሚገዛ ሰው ግን ያ 10 በመቶ አለ ብሎ መተማመን የለበትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ብሆን በከበደው ወገን ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ትርፍ ካላየሁ አልፈርምም።

ከመፈረም በፊት የሚታይ

በቤቱ ውጭ፣ በግራ በኩል፣ ወደ ፊት ገባ ብሎ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የጎማው ልክ፣ የቀዝቃዛ ጎማ አየርና የሚፈቀደው ጭነት እዚያ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ልክና ጎማው ላይ ያለው መመሳሰላቸውን ይዩ። ያገለገለ ቤት ላይ ሁልጊዜ አይመሳሰሉም፤ የቀድሞው ባለቤት ጎሚስታው ጋ የተገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል። አየር የሚለካው ጠዋት ቤቱ ሳይነቃነቅ ነው። ከሄደ በኋላ ግሎ የጨመረውን አየር ማስተንፈስ ትልቅ ጥፋት ነው።

ዕድሜውን ጎኑ ላይ ያንብቡ። ረጅም የፊደልና የቁጥር ተራ አለ፤ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ይዩ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና አይገዛም። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል በውስጥ በኩል ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ተንበርክኮ ማየት ነው። የተሳቢ ቤት ጎማ በመሮጥ አያልቅም፣ በመቆም ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ውስጡ የደከመ ጎማ ብዙ ነው። የጂ159 ጥሪ ምርቱ ከቆመ 19 ዓመት ቆይቶ እንኳ ያስፈለገው በዚህ ነው፤ ቆመው የሚከርሙ ሞተር ሆሞች ላይና በትርፍ ጎማነት ገና ሊኖር ይችላል።

ሚዛኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ችላ የሚለው እሱን ነውና። በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ዘመድ ወይም ጎረቤት የሆነ የትራክ ሾፌር ካለ ይጠይቁት። በትልልቅ የትራክ ማደያዎች ያለውን ሚዛን በደንብ ያውቀዋል። ቤቱን ለጉዞ እንደሚሄዱ አድርገው ይጫኑት፤ ውሃው፣ ጋዙ፣ ምግቡ፣ ልብሱ። ከዚያ ያስመዝኑት። የመኪናውና የተሳቢው አክስሎች ለየብቻ ይወጣሉ። ግራና ቀኙን ለይቶ የሚመዝን አገልግሎት ካገኙ ከሁሉም ይበልጣል፤ የከበደው ጎማ ስንት እንደተሸከመ በትክክል የሚነግርዎት እሱ ነው።

ያገለገለ ቤት ከሆነ የጎማውን አምራችና ስም የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ጥሪ የተደረገበት መሆኑን ይፈልጉ። ከዚያ ትርፍ ጎማውን ሽፋኑን አውልቀው ይዩት። ልኩ፣ የጭነት ደረጃውና የተሠራበት ጊዜ ከአራቱ ጋር ካልተስማማ ከዋጋው ላይ ቅናሽ አይቀበሉ፤ ጎማው ራሱ እንዲቀየርልዎት ያድርጉ።